በኩርባ ላይ መፍጠን፦ የስዊዘርላንዱ ቀላል ሎኮሞቲቭ እና ዛሬም ያልተዘጋው ሂሳብ

የስዊዘርላንድ ፌዴራል ምድር ባቡር በ2022 አጋማሽ የሰጠው መግለጫ ሽንፈትን በጨዋ ቋንቋ የሚናገር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2010 ወደ 1.9 ቢሊዮን ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ለባቡር ሠሪው ቦምባርዲየር ያዘዛቸው ባለ ሁለት ፎቅ ባቡሮች አንድ ልዩ መሣሪያ ነበራቸው። ባቡሩ ኩርባ ሲገባ ወደ ውጭ የሚያዘነብለውን አካሉን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ተሳፋሪውም ሳይንገላታ ባቡሩ ፍጥነቱን እንደያዘ ያልፋል ተብሎ ነበር። ባቡሮቹ ከተያዘላቸው ጊዜ በዓመታት ዘግይተው በ2018 መጀመሪያ ሥራ ገቡ። ሕዝቡ ብዙም ሳይቆይ «ተንቀጥቃጩ ባቡር» አላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ድርጅት ራሱ መሣሪያውን ለታሰበለት ፍጥነት እንደማይጠቀምበት አስታወቀ። ለመንገደኛው ምቾት አይበጅም፤ ወጪውም ከጥቅሙ ይበልጣል።

ታዲያ ለጥቂት ደቂቃ ሲባል ይህ ሁሉ ለምን? ስዊዘርላንድ ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቿን በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ታስነሳለች። ከየአቅጣጫው የሚመጡት ባቡሮች በትልልቅ ጣቢያዎች በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ይገናኛሉ፤ መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ ከሌላው ይሳፈራል፤ ከዚያ ሁሉም ይበተናሉ። ይህ እንዲሠራ በሁለት መገናኛ ጣቢያዎች መካከል ያለው ጉዞ ከ60 ደቂቃ በትንሹ ማነስ አለበት። የሎዛንና የበርን ጉዞ ደግሞ ከ60 በጥቂት ደቂቃ ይበልጣል። ስለዚህ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻቸውን ደቂቃ አይደሉም፤ ግንኙነቱ ያመለጠው መንገደኛ ቀጣዩን ባቡር የሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። መስመሩ የተዘረጋው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ሐዲዱን ማቅናት፣ ወይ ጠማማውን ሐዲድ የሚችል ባቡር መሥራት።

ይህ ምርጫ በዚያች አገር አዲስ አይደለም። ከዚያ መግለጫ ሰባ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1946፣ የምድር ባቡር መሐንዲሶቿ ለዚሁ ጥያቄ የሰጡት መልስ የ57 ቶን ክብደት ነበረው። ስሙ አር ኢ 4/4 አንድ ይባላል። እኔ እንደማየው በባቡር ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተወራለት ሎኮሞቲቭ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍጥነትን ከሞተር ጉልበት ሳይሆን ከክብደት ቅነሳ ለመግዛት የተደረገ ግልጽ ሙከራ ነበር። የዛሬውን ክርክር ለመረዳትም ከእርሱ መነሳት ይቀላል።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው፤ ነገሩ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለና። ስዊሶች ሎኮሞቲቭን እንደ ቀመር ነው የሚጠሩት። «ኢ» ኤሌክትሪክ መሆኑን ይነግራል። «4/4» ሲሉ ካሉት አራት አክስሎች አራቱም በሞተር ይነዳሉ ማለት ነው። ከፊት ያለው ፊደል የፍጥነት ክፍሉ ነው፦ «ኤ» ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሚሮጥ ሲሆን፣ «አር» ደግሞ ቀለል በማለቱ ምክንያት ኩርባ ላይ ከሌሎቹ በሚበልጥ ፍጥነት እንዲያልፍ የተፈቀደለት ነው። አንድ ፊደል ናት፤ የ1946ቱ መሐንዲሶች ግን የደከሙት ለዚያች ፊደል ነበር።

ክብደት ሐዲድን እንዴት እንደሚጎዳ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በየአውራ መንገዱ ባለው የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ የጭነት መኪናው የሚመዘነው በጠቅላላ ጭነቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ አክስል የሚያሳርፈው ሸክም ይታያል። ሾፌሩም አንድ አክስል የጨመረ መኪና ያንኑ ጭነት በሰላም እንደሚያሳልፍ ያውቃል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት ከመሐንዲስ አፍ የወጣ ይመስላል።

ባቡር ላይ ግን ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ኩርባው ነው። ባቡሩ ሲታጠፍ መንኮራኩሩ የውጭውን ሐዲድ ወደ ጎን ይገፋል፤ ግፊቱ ከክብደቱ ጋር፣ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው በሞላና በባሌስትራ ያልተንጠለጠለው ክብደት ነው፦ መንኮራኩሩ፣ አክስሉ፣ አንዳንዴም አክስሉ ላይ የተቀመጠው ሞተር። ይህ ክፍል ሐዲዱ ባልተስተካከለበት ቦታ ሁሉ ልክ እንደ መዶሻ ይመታል። ስለዚህ ሁለት ሎኮሞቲቮች እኩል መዝነው አንደኛው ሐዲዱን እየደበደበ፣ ሌላኛው እየዳበሰ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ልዩነት እንያዘው፤ ወደ ኋላ ይመለስብናል።

ስዊዘርላንድ ወደ ኤሌክትሪክ የገባችው ከችግር የተነሣ ነው። የራሷ የድንጋይ ከሰል የላትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰሉ ከውጭ መምጣቱ ሲቆራረጥ ብዙ ባቡሮቿ ቆሙ፤ ወንዝና ፏፏቴ ግን ሞልቷታል። የጎታርድ ተራራ መስመር በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማም ከመንግሥት መስመሮች አብዛኛው ሽቦ ተዘርግቶለት ነበር።

የዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ግን ግዙፍ እንስሳ ነበር። ሞተሮቹ ትልልቅ ስለነበሩ መንኮራኩሮች መካከል አይገቡም፤ ከላይ ወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ ተቀምጠው ኃይላቸውን በዘንግ ወይም በጥርስ ወደ ታች ይልካሉ። ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ከፊትና ከኋላ ደጋፊ መንኮራኩር ይፈልጋል፤ ደጋፊው መንኮራኩር ራሱ ክብደት ይጨምራል። በሜዳው መስመር የተለመደው ኤ ኢ 3/6 አንድ ከ90 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ስሙን ስንፈታው ከስድስት አክስሎች የሚነዱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ተሸካሚ ኩሊዎች ናቸው። የዚህ አስተሳሰብ ጣሪያ በ1939 ዙሪክ ላይ በተካሄደው ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ታየ፦ ከ11 ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው፣ ከ230 ቶን በላይ የሚመዝን ባለ መንታ አካል ሎኮሞቲቭ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ በዓለም ላይ ከነበሩት ሎኮሞቲቮች ሁሉ ኃይለኛ ነው ተባለ። ይሁን እንጂ አንድ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ዓለምን ያስደነቀው ማሽን ልጅ አልወለደም።

ልጅ የወለደው ሌላ ነበር። በ1935 «ቀዩ ቀስት» የሚባል ነጠላ ባቡር ወጣ፤ አንድ ፉርጎ ብቻ፣ ሞተሩ ውስጡ፣ ነጂው ከፊት፣ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ። የድሬዳዋና የአስመራ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ «ሊቶሪና ነዋ!» ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። በጣሊያን ዘመን ወደ እኛ አካባቢ የመጣችው የፊያቷ ሊቶሪና በናፍጣ የምትሠራ የዚሁ ሐሳብ እህት ናት። የዘመኑ ፍላጎት አንድ ነበርና፤ አውቶሞቢል የባቡርን ገበያ መሻማት ሲጀምር ባቡሩ እንደ አውቶሞቢል ቀለል፣ ፈጠን ማለት አማረው።

ቀዩ ቀስት በጣም ተወደደ፤ ያጠፋውም መወደዱ ነው። ሰው ሲበዛ ተጨማሪ ፉርጎ አይጎትትም፤ ለዚያ አልተሠራም። መንገደኛ መድረኩ ላይ ይቀራል። መሐንዲሶቹ ከዚህ የተማሩት ባቡሩ ቀላል ይሁን፣ ግን እንደ ገበያው ይርዘም ይጠር የሚለውን ነው፤ ይህም ማለት ቀላል ፉርጎና ለብቻው ቀላል ሎኮሞቲቭ ማለት ነው።

ፉርጎው ቀድሞ መጣ። ከ1937 ጀምሮ በብየዳ የተሠሩ ቀላል የብረት ፉርጎዎች ወጡ። የቀድሞዎቹ ከ40 ቶን ሲያልፉ አዲሶቹ 30 ቶን አይሞሉም ነበር። ምስጢሩ አካሉ ራሱ ሸክም ተሸካሚ መሆኑ ነው፤ ጣሪያው፣ ግድግዳውና ወለሉ እንደ ቱቦ ተያይዘው ጭነቱን ይካፈሉታል፤ ከታች ወፍራም ሻንሲ አያስፈልግም። በእነዚህ ፉርጎዎች ዙሪክን፣ በርንንና ጄኔቭን የሚያገናኙ ፈጣን ባቡሮች ተጀመሩ። ግን ምን ይጎትታቸው? 30 ቶን የማይሞላ ፉርጎ ከ90 ቶን በላይ በሆነ ሎኮሞቲቭ ኋላ ቢቀጠል ኩርባው ላይ ሁሉም በሎኮሞቲቩ ፍጥነት ሊወሰን ነው። በ1940 ሦስት ቀላል ጎታቾች ለሙከራ ተሠሩ፤ ጉልበታቸው ግን ለታሰበው ሥራ አልበቃ አለ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ለግል የባቡር ድርጅቶች ተሸጡ።

ቁልፉን ያገኘው የፌዴራሉ ድርጅት ሳይሆን በርንን በሎትሽበርግ ዋሻ በኩል ከደቡቡ ጋር የሚያገናኘው ትንሹ ድርጅት፣ ቢ ኤል ኤስ ነው። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1944፣ የቪንተርቱር ሎኮሞቲቭ ፋብሪካና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሪው ብራውን ቦቨሪ በጋራ የሠሩት ኤ ኢ 4/4 ወጣ፦ 80 ቶን፣ 4,000 የፈረስ ጉልበት፣ አራት አክስል ብቻ፣ አራቱም የሚነዱ። ደጋፊ መንኮራኩር የሚባል ነገር የለም። ቦጂ በሚባሉት ሁለት ባለ ሁለት አክስል ጋሪዎች ላይ ተቀምጦ፣ አነስ ባሉና ፈጠን ብለው በሚዞሩ ሞተሮች ይሄዳል። በአንድ ቶን ክብደት 50 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሎኮሞቲቭ ሁሉ በአንድ ቀን አረጀ ብል ማጋነን አይሆንም፤ በዓለም ዙሪያ ዛሬ የምናየው ባለ አራት አክስል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ በአቀማመጡ ይህን ይመስላል።

የፌዴራሉ ድርጅት ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። ቢ ኤል ኤስ ለተራራ ጉልበት ሲፈልግ፣ እርሱ ለሜዳው መስመር ቅለት ፈለገ። ከ1946 እስከ 1951 በሁለት ተከታታይ ምርት ሃምሳ አር ኢ 4/4 አንድ ተሠሩ። 57 ቶን ለአራት አክስል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 14 ቶን ከሩብ ይደርሰዋል። ኃይሉ ከ1,800 ኪሎ ዋት በላይ፣ ፍጥነቱ 125 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከ90 ቶን በላይ ከሚመዝነው ታላቅ ወንድሙ ጋር ስናስተያየው በጉልበት ይበልጠዋል፤ በክብደት ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ያች «አር» ፊደል ተገኘች።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ስድስቱ አፍንጫቸው ላይ በር ነበራቸው፤ ሎኮሞቲቩ በባቡሩ መካከል ቢገባ ሠራተኛ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እንዲሻገር ታስቦ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው የሚመልስ ፍሬንም ነበራቸው። በሁለተኛው ምርት በሩም ፍሬኑም ቀሩ፤ ነጂዎች ከዚያ በር የሚገባውን ንፋስ እንዳልናፈቁት መገመት ይቻላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ኪሎ በሚቆጠርበት ማሽን ውስጥ አንድ በር ወይም አንድ ፍሬን እንኳ በነጻ አይገባም።

ቅለት ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ መንሸራተት ነው። ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው ሞተሩ ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ የብረት መንኮራኩር የብረት ሐዲድን ቆንጥጦ ስለሚይዝ ነው። ደረቅ ሐዲድ ላይ ይህ ቁንጥጫ ከክብደቱ ሩብ ገደማ ነው ብለን ብናሰላ፣ የ57 ቶኑ ሎኮሞቲቭ ሲነሳ ሊጎትት የሚችለው ከ14 ቶን ብዙ በማይበልጥ ኃይል ነው። ሞተሩን በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ባቡሩ አይበረታም። የጎታርድ ዳገት በየአንድ ሺህ ሜትሩ 26 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ይህ ማለት የእያንዳንዱ ቶን ክብደት 26 ኪሎ ወደ ኋላ ይጎትታል ማለት ነው። ረዥም ባቡር ይዞ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የመጸው ቅጠል ሐዲዱ ላይ ተለጥፎ በዚህ ዳገት መነሳት ለቀላል ሎኮሞቲቭ አይሆንም። ለዚያ ድርጅቱ በ1952 ሌላ አወጣ፦ ባለ ስድስት አክስል፣ 120 ቶን። ክብደት በሜዳው ኩርባ ዕዳ ነው፤ በዳገት ላይ ሀብት ነው። ይህን የማይለይ የባቡር ክርክር ሁሉ ውሃ መውቀጥ ይሆናል።

ቀላሉ ሎኮሞቲቭ የተሳካለት ብቻውን አለመሆኑን ልብ በሉ። ቀላል ፉርጎ ነበረው፤ አጭር ባቡር ነበረው፤ በእርሱ ልክ የተቆረጠ የጉዞ ሰሌዳ ነበረው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲጠፉ እርሱም ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ። መንገደኛው በዛ፤ ባቡሩ ረዘመ። ፉርጎው ድምፅ እንዳያስገባ ተሸፈነ፤ ቆይቶም የአየር ማቀዝቀዣ ገባለት። በ1980ዎቹ የወጡት ፉርጎዎች ከ40 ቶን በላይ ሆነው ቁጭ አሉ። በ1937 የተባረረው ክብደት ሁሉ በምቾት ስም ተመልሶ ገባ። እኔ ይህን በጥፋት አላየውም፤ በሙቀት ታፍኖ ከመቀመጥ የከበደ ፉርጎ ይሻላል። ሂሳቡን ግን አንድ አካል መክፈል አለበት።

በ1964 የመጣው ተተኪ፣ አር ኢ 4/4 ሁለት፣ ሂሳቡን በሌላ መንገድ ከፈለው። ክብደቱ 80 ቶን ነው፤ ለአንድ አክስል 20 ቶን። በአሮጌው መስፈርት «አር» የምትለው ፊደል አትገባውም ነበር፤ ግን ተሰጠችው። ለምን? ሐዲዱ በዚያ መካከል ተጠናክሯል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለቱ ቦጂዎች እርስ በርስ ተያይዘው ኩርባ ላይ ሲገቡ አንዱ ሌላውን እንዲመራ ተደርጓል፤ ስለዚህ የፊተኛው መንኮራኩር ብቻውን ሐዲዱን አይገፋም። መሐንዲሶቹ ሐዲድን የሚጎዳው ሚዛን ላይ የሚነበበው ቁጥር ብቻ አለመሆኑን አመኑ፤ ክብደቱ እንዴት እንደሚያርፍና እንዴት እንደሚገፋ መለካት ጀመሩ። ከ270 በላይ ተሠሩ፤ ብዙዎቹ ሃምሳ ዓመት ያህል ሮጠዋል። አሮጌዎቹ ሃምሳ ደግሞ ወደ አጫጭር የአካባቢ ባቡሮች ወረዱ፤ አንዳንዶቹ ከኋላ ሆነው እየገፉ፣ ነጂው በሌላኛው ጫፍ ካለው ፉርጎ እየመራቸው፣ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ሠሩ። ከእነርሱ ውስጥ ጥቂቶቹ መካከል ላይ አንድ የክብር ዘመን አይተዋል፤ አገር አቋራጭ ለሆነው የአንደኛ ማዕረግ ባቡር ቀይና ክሬም ቀለም ተቀብተው ነበር።

ሐዲድ ስለሚከፍለው ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚናገር ፎቶግራፍ የተነሣው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በመጋቢት 1955 ከቦርዶ በስተደቡብ በሚገኘው ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሁለት ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ለክብረ ወሰን ተለቀቁ። አንደኛው 83 ቶን ብቻ የሚመዝነው ባለ አራት አክስሉ ቢ ቢ 9004 ሲሆን፣ የተመዘገበለት 331 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለብዙ ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ከሙከራዎቹ በኋላ በተነሣው ፎቶግራፍ ግን ሐዲዱ እንደ እባብ ተጣምሞ ይታያል። ለዓመታት ይፋ ሳይሆን መቆየቱም አያስገርምም። ኩርባ በሌለበት ሜዳ፣ በቀላል ሎኮሞቲቭ እንኳ፣ ፍጥነት ዕዳውን መሬት ላይ ጽፎ ሄዷል።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ከቀላሉ ሎኮሞቲቭ በኋላ ስዊሶች ኩርባን በብልሃት ለማለፍ ካደረጓቸው ሙከራዎች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው በ2000 ሥራ የጀመረው አይ ሲ ኤን የሚባለው ባቡር ነው፤ ኩርባ ሲገባ እንደ ሞተር ብስክሌት ነጂ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ተሳካ። በጁራ ተራራ ግርጌ ባለው ጠመዝማዛ መስመር ላይ አዲስ ሐዲድ ሳይዘረጋ ደቂቃዎች ተገኙ። ልብ ይባል፦ ማጋደሉ ተሳፋሪውን ነው የሚያታልለው እንጂ ሐዲዱን አያታልለውም። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ያው ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ አክስሎቹ ኩርባውን ተከትለው እንዲዞሩ የሚያደርግ ቦጂ ጭምር ተሠርቶለታል። በቀላሉ ሎኮሞቲቭ ጊዜ ቅለት የሠራውን ሥራ እዚህ ብልሃት ሠራው።

ሁለተኛው በመግቢያችን ያነሣነው ባለ ሁለት ፎቁ ነው። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ስህተቱ የመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ከአንድ ባቡር ሁሉም ነገር ተጠየቀ። ብዙ ሰው እንዲይዝ ሁለት ፎቅ ይሁን፤ ሁለት ፎቅ ሲሆን ቁመቱ ይጨምራል፤ ቁመት ሲጨምር ኩርባ ላይ መዘንበሉ ይብሳል። የአየር ማቀዝቀዣ፣ ምግብ ቤት፣ የተዘጋ የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ፣ ለግጭት የጠነከረ አካል ይኑረው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ከጠማማው መስመር ደቂቃ ይስረቅ። አይ ሲ ኤን ለአንድ ዓላማ የተሠራ ዝቅ ያለ ባቡር ነበር፤ የ1946ቱ ሎኮሞቲቭም ጎታርድን ለሌላ ትቶ የሜዳውን ሥራ ይዟል። ባለ ሁለት ፎቁ ግን ምንም ሳይተው ሁሉንም ይዞ ኩርባው ውስጥ ገባ።

ቅለት ከዘመናችን ሎኮሞቲቭ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም፤ ቦታ ቀይሯል። የዛሬው ባለ አራት አክስል ሎኮሞቲቭ ከ80 እስከ 90 ቶን ይመዝናል፤ በአንድ ቶን የሚሰጠው ኃይል ግን ከቀላሉ ሎኮሞቲቭ በእጥፍ ይበልጣል። የተቀነሰው ክብደት ሁሉ ወደ ጉልበት ተለውጧል ማለት ነው። ቀላል አክስል የሚፈልግ ድርጅት ሎኮሞቲቭ አይገዛም፤ ሞተሩ ከባቡሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የተከፋፈለበትን ባቡር ይገዛል። ሀምሳው ሎሚ ለሀምሳ ሰው ተከፋፈለ። ጉዳቱም የቀዩ ቀስት ጉዳት ነው፤ እንዲህ ያለ ባቡር እንደ ፉርጎ አንድ በአንድ አይቀጠልም።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ክር አላት። የኢትዮጵያን ባቡር ለአጼ ምኒልክ ያሳሰበውና በ1894 ፈቃዱን የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ ነበር፤ ምሕንድስናን የተማረውም በዙሪክ ነው። የእርሱ ትውልድ ለእኛ የመረጠልን የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የቀላልነት ሐዲድ ነበር፤ ተራራውን እየዞረ፣ በርካሽ ይወጣል፤ በምላሹም ቀላልና አዝጋሚ ባቡር ብቻ ይሸከማል። በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ የተካው ኤሌክትሪክ መስመር ግን የምርጫውን ሌላ ጫፍ ይዟል። ሐዲዱ ሰፍቷል፤ ኩርባው ቀንቷል፤ የሚጎትተውም በቻይናዋ ዡጆው ከተማ የተሠራ ባለ ስድስት አክስል ከባድ ሎኮሞቲቭ ነው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ የኮንቴይነር ባቡር ቁንጥጫ ይፈልጋልና እዚያ ክብደቱ ትክክል ነው። የእኛ መስመር ለጭነት የተሠራ መሆኑ ከሎኮሞቲቩ አክስል ብዛት ይነበባል። በዚያው መስመር ላይ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር የሚመኝ ሰው ካለ ግን የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ባቡር ነው፤ ከባድ ሎኮሞቲቭ በፍጥነት ሲሮጥ የሚመታው ያንኑ ሐዲድ ነውና።

ስዊሶች በስተመጨረሻ ክርክሩን ወደ ሂሳብ ክፍል ወሰዱት። ከ2017 ጀምሮ በሐዲዳቸው ላይ የሚሄድ ማንኛውም ባቡር የሚከፍለው የመተላለፊያ ዋጋ በከፊል በሚያደርሰው ጉዳት ይሰላል። እያንዳንዱ መንኮራኩር ወደ ታች የሚያሳርፈው ኃይል፣ በሞላ ያልተንጠለጠለው ክብደት፣ ቦጂው ኩርባ ላይ ሐዲዱን የሚገፋበት መጠን፣ መስመሩ ስንት ጠባብ ኩርባ እንዳለው፣ ባቡሩም በምን ፍጥነት እንዳለፈበት፤ ሁሉም ቀመር ውስጥ ይገባል። ሐዲድ የሚዳብስ ቦጂ ያለው ባቡር ያነሰ ይከፍላል፤ የሚደበድበው ይጨምራል። በ1946 አንዲት ፊደል ትወስነው የነበረው ነገር ዛሬ በየባቡሩ፣ በየኪሎ ሜትሩ፣ በሳንቲም ተቆጥሮ ደረሰኝ ላይ ይወጣል።